ወንበሩ የማን ነው?

መገናኛ ስሙን የመሰለ ሰፈር ነው። ከኮተቤ የመጣው፣ ከሲኤምሲ የወረደው፣ ወደ ቦሌና ወደ ካዛንቺስ የሚሻገረው ሁሉ እዚያ ይተላለፋል። ወያላው «ኮተቤ! ኮተቤ!» እያለ ሲጣራ ሒሳብ እንጂ የትውልድ አገር አይጠይቅም። ታክሲው ውስጥ አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ጉራጊኛው ይሰማል፤ ትግርኛውም ይሰማል፤ ከትግርኛ ተናጋሪዎቹም አንዳንዱ ከመረብ ማዶ የመጣ ስደተኛ ነው። በታክሲ እንዲህ የቀለለው ነገር ዩኒቨርስቲ በር ላይ ሲደርስ ይከብዳል። ለመሆኑ በሕዝብ ገንዘብ የሚተዳደር ዩኒቨርስቲ ወንበሩ የማን ነው? የዜጋው ብቻ? ወይስ እዚሁ ተምሮ ፈተናውን ያለፈ ሁሉ?

ጥያቄውን ያመጣብኝ ጓደኛዬ ነው። ከእናቱ ጋር ከኤርትራ ሲሻገር የአሥር ዓመት ልጅ ነበር። ሽሬ አካባቢ መጠለያ ውስጥ ከቆዩ በኋላ አዲስ አበባ ገቡ፤ መንግሥት በ2002 ዓ.ም. ለኤርትራ ስደተኞች ከመጠለያ ውጭ መኖርን ፈቅዶ ነበርና። ፈቃዱም ቢሆን እንዲያው አይገኝም፤ ራስን መቻልን ወይም የሚደጉም ዘመድን ይጠይቃል። ጓደኛዬ ሰዋስው ከእኔ የተሻለ ያውቃል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አብረን ተፈተንን፤ አብረን አለፍን።

ባለፈው ዓመት ኮተቤ፣ ዘመድ ቤት ቡና ተፈልቶ የእሱ ነገር ተነሣ። አንድ ትልቅ ሰው ተቆጡ።

«የአገር ልጅ በር ላይ ቆሞ ለባዕድ ወንበር ይሳባል እንዴ?»

እኚሁ ሰው ጥቂት ቀደም ብሎ ሜሪላንድ ስላለው የእኅታቸው ልጅ ሲያዝኑ ነበር። ልጁ በስምንት ዓመቱ ሄዶ፣ ቪዛው አልቆበት፣ ያለ ወረቀት አድጎ፣ አሁን ኮሌጅ ሊገባ ነው።

«ጋሼ፣ የእኅትዎ ልጅስ እዚያ የማን አገር ልጅ ነው?» አልኳቸው።

«እሱማ እዚያው ነው ያደገው!»

«ይኸኛውም እኮ እዚሁ ነው ያደገው።»

ዝም አሉ። ሦስተኛው ቡና እስኪቀዳ ድረስ የተናገረ የለም።

የአሜሪካው ክርክር እኛን የማይመለከት አይምሰለን፤ ዋሽንግተንና ሜሪላንድ የወገኖቻችን መናኸሪያ ናቸው። እዚያ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ለራሱ ነዋሪ የኮሌጅ ክፍያ ዝቅ ያደርጋል፤ ከሌላ የመጣው ብዙ ጊዜ እጥፍና ከዚያም በላይ ይከፍላል። እ.ኤ.አ. በ1982 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወረቀት የለውም ተብሎ ሕፃን ከሕዝብ ትምህርት ቤት አይባረርም ብሎ ፈረደ፤ ስለ ዩኒቨርስቲ ግን አልተናገረም። ስለዚህ ልጁ አሥራ ሁለተኛን ሲጨርስ መንገዱ ገደል ሆነበት። በ2001 ቴክሳስና ካሊፎርኒያ በየበኩላቸው፣ በክፍለ ግዛቱ ሦስት ዓመት ተምሮ ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰ በነዋሪ ዋጋ ይማር አሉ። ሜሪላንድ በ2012 ነገሩን ለሕዝብ ድምፅ አቀረበች፤ ሕዝቡም አጸደቀው። ተቃዋሚው «ሕግ የጣሰ አይሸለም» ይላል፤ ደጋፊው «አሥራ ሁለት ዓመት አስተምረነው አሁን ብንጥለው የከሰርነው እኛው ነን» ይላል። ክርክሩ አልሞተም፤ የቴክሳሱ ሕግ በሰኔ 2025 በፍርድ ቤት ታግዷል። ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፤ እነዚያ ሕጎች ተማሪውን «አባትህ ማነው?» አላሉትም። «የት ተማርህ?» ነው ያሉት።

በእኛስ አገር? ኢትዮጵያ የ1951ዱን የዓለም የስደተኞች ስምምነት በ1962 ዓ.ም. ስትቀበል፣ ስለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት የሚናገረውን ቃል እንደ ምክር እንጂ እንደ ግዴታ አላየሁትም ብላ ነበር። በመስከረም 2009 ግን ኒውዮርክ ላይ፣ ዩኒቨርስቲ የሚማሩትን ስደተኞች ከ1,600 ወደ 2,500 ከፍ አደርጋለሁ ብላ ቃል ገባች። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ደግሞ በአንደኛ ደረጃ ስደተኛውን ከዜጋ እኩል አደረገው፤ ከፍተኛ ትምህርትን የአገር አቅም በፈቀደ መጠን ብሎ ከፈተለት። መቼም ይህ ትንሽ እርምጃ አይደለም።

«አቅም በፈቀደ መጠን» የምትለውን ቃል አልንቃትም። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ስደተኛ ያስጠለለች ድሃ አገር ናት፤ ልጇ ፈተና የወደቀባት የጉሊት ነጋዴ ብትቆጣ አልፈርድባትም። ነገር ግን የእሷን ልጅ ወንበር የወሰደው ማነው? የ2014 ዓ.ም.ን ፈተና ከወሰደው ተማሪ ግማሽ ነጥብ ያመጣው ከመቶ አራት እንኳ አልሞላም። ልጇን ያስቀረው የትምህርታችን ድክመት ነው፤ 2,500 ስደተኛ ቢወጣ ያ ድክመት አይቃናም።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። እኛ ዜጎቹ በነፃ አንማርም፤ በወጪ መጋራት ደንብ ውል እንፈርማለን፤ ተመርቀን ሥራ ስንይዝ ከወር ገቢያችን ቢያንስ አሥር በመቶ እየተቆረጠ ይከፈላል። ተማሪው ሁሉ በዚህ ዕዳ ያማርራል፤ እኔም አማርራለሁ። ጓደኛዬ ግን ይህን ውል አልፈረመም። ከወጪው ከፊሉን መንግሥት ሲችል የቀረውን የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት ይሸፍንለታል። «ታድለህ» ስለው ሳቀ።

«አንተን የሚያበድርህ ነገ ትሠራለህ ብሎ ነው» አለኝ። «እኔን ግን ማን ይጠብቀኛል?»

እውነቱን ነው። አዋጁ የሥራ መብት ሰጥቶታል፤ የሰጠው ግን ለውጭ አገር ዜጋ በሚሰጠው ልክ ነው። እዚህ ተምሮ፣ በእኛው ቋንቋ ጽፎ፣ ዲግሪውን ይዞ ሥራ ፍለጋ ሲወጣ ከትናንት ወዲያ በአውሮፕላን እንደ ወረደ ሰው ይቆጠራል። ለትምህርቱ ያወጣነውን ብር እኛው እንጥለዋለን፤ እሱም ሳይወድ ወደ ሱዳንና ወደ ሊቢያ መንገድ ያማትራል።

እንግዲህ በበኩሌ የምለው አጭር ነው። እዚህ ተምሮ ፈተናችንን ያለፈ ልጅ እንደ እኛው ውሉን ይፈርም፤ እንደ እኛው ይሥራ፤ እንደ እኛው ከደመወዙ ይቆረጥበት። ሜሪላንድ ላለው ልጃችን የምንለምነውን፣ እዚህ አጠገባችን ለተቀመጠው አንንፈገው። አንተስ አንባቢ፣ ምን ትላለህ?