ኪሳችን ውስጥ ያለው ጂፒዩ

ዜና የሚከታተል ሰው ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት «ጂፒዩ» የሚለውን ቃል ሳይሰማ አልቀረም። ኤንቪዲያን ከዓለም ውድ ኩባንያዎች ግንባር ያሰለፈው ጂፒዩ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ወደ ቻይና እንዳይሄዱ ገደብ ከጣለችባቸው ቺፖች ዋነኞቹም ጂፒዩዎች ናቸው። እኛ ታዲያ ስለዚህ ጉዳይ የምናወራው የሩቅ አገር ጦርነት እንደሚያወራ ሰው ነው፤ መሣሪያው የሌሎች፣ ጠቡም የሌሎች፣ የእኛ ድርሻ መከታተል ብቻ።

ነገር ግን ይህን ጽሑፍ የምታነቡበት ስልክ ውስጥም ጂፒዩ አለ። በትልልቅ የዳታ ማዕከላት ከሚደረደሩት ጋር በአቅም አይገናኝም፤ የአሠራሩ ሐሳብ ግን አንድ ነው። ደግሞም በብራውዘር በኩል ልታዙት ትችላላችሁ። ለእሱ የሚጻፈው አጭር ፕሮግራም «ሼደር» ይባላል። ላለፉት ወራት ማታ ማታ ስማር የከረምኩት ይህንን ነው። ዛሬ የምጽፍበት ነገሩ ስለሚያምር ብቻ አይደለም፤ ስለ ትምህርታችን ከምናነሣው ክርክር ጋር የሚገናኝ ነገር ስላየሁበት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአንድ ተራ ስልክ ስክሪን 720 በ1600 ፒክስል ነው እንበል። ሲባዛ 1,152,000 ነጥብ ይሆናል። ምስሉ በሴኮንድ 60 ጊዜ ከታደሰ፣ በየሴኮንዱ 69 ሚሊዮን ያህል ቀለም መወሰን አለበት። አንድ ሠራተኛ ተራ በተራ ልጨርሰው ቢል አይደርስም። ጂፒዩ ግን ያንኑ አጭር ፕሮግራም ለሁሉም ፒክስሎች ያድልና ብዙዎቹን ጎን ለጎን ያሠራቸዋል። ለእያንዳንዱ የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ያለህበት ቦታ ይህ ነው፣ ሰዓቱ ይህ ነው፤ ቀለምህ ምን ይሁን?» ፒክስሉ የጎረቤቱን መልስ ማየት አይችልም። ልክ እንደ ፈተና አዳራሽ፦ ጥያቄው ለሁሉም እኩል ይታደላል፣ መኮረጅ የለም።

ጭንቁም ደስታውም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሼደር ውስጥ «ክብ ሳል» የሚባል ትእዛዝ የለም። ክብ ከፈለጋችሁ እያንዳንዱ ፒክስል «ከመሃሉ ምን ያህል እርቃለሁ?» ብሎ ራሱን እንዲጠይቅ ታደርጋላችሁ። ርቀቱ ከ0.3 ካነሰ ነጭ ይሁን፣ ከበለጠ ጥቁር። ርቀቱ የሚገኘው ደግሞ በፓይታጎረስ ቀመር ነው። ያንን ቀመር ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ ክብ ሲሠራ ያየነው ግን ስንቶቻችን ነን?

ሳይንም እንደዚያው ነው። የ30 ዲግሪ ሳይን ግማሽ፣ የ90 ዲግሪ አንድ ብለን ሸምድደን ፈተናው ሲያልፍ እሱም አለፈ። ሼደር ውስጥ ሰዓቱን ለሳይን ስትሰጡት ግን ክቡ እንደሚተነፍስ ሰው ደረት ሰፋ ጠበብ ይላል። በሰዓቱ ፋንታ የፒክስሉን አግድም ቦታ ስትሰጡት ሞገድ ይሆናል። የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ጥቂት ሞገዶች ስትደማምሩ ነፋስ የነካው ውሃ የመሰለ ነገር ይመጣል። አንድ ቁጥር ቀይራችሁ ውጤቱን ወዲያው ታዩታላችሁ።

እኔ ከሁሉም በላይ የቆየሁበት የሐበሻ ቀሚስ ጥለት ነው። ከመሃሉ ያለውን አግድምና ቁልቁል ርቀት በፓይታጎረስ ቀመር ከማስላት ይልቅ ዝም ብላችሁ ብትደምሯቸው፣ ክቡ በጫፉ የቆመ ካሬ ይሆናል። ከዚያ ቦታውን በ20 አባዝታችሁ ከነጥብ በኋላ ያለውን ክፍል ብቻ ብትወስዱ፣ አንዱ ካሬ በአንድ መስመር 20 ይሆናል። ያኔ ሽሮ ሜዳ የሚሸጠው ጥበብ ጠርዝ ላይ ያለውን ዓይነት ጥለት መምሰል ይጀምራል። ሸማኔውም ቢሆን ጥለቱን በብሩሽ አይስለውም፤ ክር ቆጥሮ፣ ይህ ይነሣ ያ ይቀመጥ ብሎ ነው የሚያወጣው። የሂሳብ መምህራን በእጃችን ያለ ምሳሌ ቢፈልጉ ከዚህ የቀረበ አላየሁም።

ይህ ሁሉ በብራውዘር መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ዌብጂኤል የሚባለው ደረጃ ከወጣ ወዲህ ምንም ፕሮግራም መጫን ሳያስፈልግ ድረ ገጽ ጂፒዩን ማዘዝ ይችላል። በ2013 ኢኒጎ ኪሌስ እና ፖል ጄሬሚያስ የከፈቱት ሼደርቶይ ላይ ሰዎች የሠሩትን ከነኮዱ ያስቀምጣሉ፤ ተራራውን፣ ደመናውን፣ ባሕሩን እያያችሁ እንዴት እንደተሠራ ታነባላችሁ። ፓትሪሲዮ ጎንዛሌዝ ቪቮ እና ጄን ሎው የጻፉት «ዘ ቡክ ኦፍ ሼደርስ» የተባለው መማሪያም በነፃ ይነበባል። ሼደር ጽሑፍ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ክብደቱ ጥቂት ኪሎባይት ነው። በዳታ ጥቅል ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ብዙ ሜጋባይት ይበላል።

በዜና ከምንሰማው ኤአይ ጋርም ዝምድና አለው። ኤንቪዲያ ኩዳ የተባለውን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2007 ከማውጣቱ በፊት ጂፒዩን ለስሌት ሊጠቀሙበት የፈለጉ ተመራማሪዎች ቁጥሮቻቸውን ምስል አስመስለው በሼደር ያሠሯቸው ነበር። አንድን ትንሽ ስሌት ለሚሊዮኖች አድሎ በአንድ ጊዜ የማሠራት ሐሳብ ዛሬም ያው ነው። ሼደር የጻፈ ሰው እነዚያ ቺፖች ለምን እንዲህ እንደተፈለጉ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ቀላል ነው ግን አልልም። በሌላ ፕሮግራም አንድ ቁጥር ስንት እንደሆነ ለማወቅ ታትሙታላችሁ፤ እዚህ ማተም የለም። ቁጥሩን ቀለም አድርጋችሁ ማየት ነው ያለው አማራጭ። ብዙ ማታ የሚያልፈው ከጥቁር ስክሪን ጋር ተፋጦ ነው። ርካሽ ስልክ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ኮዱ ላይ መካከለኛ የቁጥር ጥራት ከመረጣችሁ ብዙ ስልኮች ቁጥሩን በ16 ቢት ይይዙታል። ሰዓቱ ከ64 ሴኮንድ ሲያልፍ እንዲህ ያለ ቁጥር ከሴኮንድ 1/16ኛ ያነሰ ለውጥ መያዝ ያቅተዋልና፣ ለስላሳ የነበረው እንቅስቃሴ ይንገጫገጫል። ላፕቶፕ ላይ ብዙውን ጊዜ ይህ አይታይም። በውድ መሣሪያ የሚሠራ ሰው የማያየውን ችግር ርካሽ ስልክ የያዘ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን ያየዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና መልካም ነው፤ በዜና የምንሰማው ግን የተመዘገበውንና ሰርተፊኬት የወሰደውን ሰው ቁጥር ነው። በሌላ በኩል በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ኮድና ሂሳብ ሁለት የተለያዩ አጀንዳዎች እንደሆኑ አድርገን ማውራት ማቆም አለብን። መሣሪያው ኪሳችን ውስጥ አለ። የጎደለው፣ ቀመሩ ምን እንደሚሠራ ተማሪው በዓይኑ የሚያይበት ሰዓት ነው።

«ዳቦ ይሆናል ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። እውነት ነው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ሼደር ጸሐፊ ይፈለጋል የሚል የሥራ ማስታወቂያ አይቼ አላውቅም። መብራትና ኔትወርክ የሌለበት ትምህርት ቤት ብዙ መሆኑም ግልጽ ነው። እኔ ግን የምለው ሁሉም ተማሪ የግራፊክስ ባለሙያ ይሁን አይደለም። ሳይንን አንድ ጊዜ ሲንቀሳቀስ ያየ ልጅ ፈተናው ካለፈ በኋላም አይረሳውም ነው የምለው። ለዚህ ደግሞ የመምህሩ አንድ ስልክና የአንድ ክፍለ ጊዜ ሩብ ይበቃል።

ሂሳብ የምታስተምሩ ካላችሁ በክቡ ጀምሩ። ቀመሩን ሰሌዳው ላይ ጻፉ፣ ከዚያ ስልኩን አዙሩና 0.3ን ተማሪዎቹ ራሳቸው ይቀይሩት። ምን እንዳሉ ጻፉልኝ።