ይጠጣ ወይስ ይታደስ?

ሰሞኑን ቤታችን ውስጥ ሁለት ፓርቲ ተቋቁሟል፤ "እርጥበት" እና "እድሳት"። እድሳትን የሚመሩት የታናሽ እህቴ ሚዜዎች ናቸው። እርጥበትን የምመራው እኔ ነኝ። አባባ እንደ ምርጫ ቦርድ መሀል ቁጭ ብለው "ምን ጎደላት?" ከማለት በቀር ድምፅ አልሰጡም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ ለዳግማይ ትንሣኤ ልትዳር ቀን ተቆርጧል፤ የቀረን አምስት ሳምንት ነው። ሜሪላንድ ያለችው አክስታችን "ለፊትሽ የሚያስፈልገውን አድርጊበት" ብላ ገንዘብ ላከች። እህቴ ጉንጭ ላይ የኮሌጅ ዘመን ብጉር ትቶት የሄደ ስርጉድ ስርጉድ ያለ ጠባሳ አለ። እኛ አናየውም። እሷ ደግሞ ከሱ ሌላ ነገር አታይም።

ቦሌ አካባቢ ካሉት የውበት ክሊኒኮች ወደ አንዱ አብሬያት ሄድኩ። የተቀበለችን ልጅ ሁለት አማራጭ የተጻፈበት ወረቀት ሰጠችን፤ አንዱ ቆዳን የሚያጠጣ፣ ሌላው ቆዳን የሚያድስ። ጉንጯ ለተሰረጎደው ሙሽራም፣ ፊቴ ድርቆሽ ለመሰለው ለእኔም ያው አንድ ወረቀት ነው። ከዚያ በኋላ የተጠየቅነው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ "ክፍያው በካሽ ነው በሞባይል?"

እስኪ ወረቀቱን እናንብበው። የሚያጠጣው ሃያሉሮኒክ አሲድ ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ ባዕድ ነገር አይደለም፤ ሰውነታችን ውስጥ ካለው ግማሽ ያህሉ የሚገኘው ቆዳችን ውስጥ ነው። ካርል ሜየር እና ጆን ፓልመር የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1934 ኒውዮርክ ውስጥ ከከብት ዓይን ለይተው ያወጡት ነገር ነው። ሥራው ውኃ ይዞ መቆየት ነው። ቀጠን ያለው ዓይነት በመርፌ ቆዳ ውስጥ ሲገባ ፊት ወዝ ያወጣል፤ ለውጡም በሳምንታት ውስጥ ይታያል። ከዚያ ሰውነት ራሱ ቀስ እያለ ያሟሟውና ከወራት በኋላ ፊት ወደነበረበት ይመለሳል። ገንዘቡ ግን አይመለስም።

የሚያድሰው ወገን ሥራውን ራሱ አይሠራም፤ ቆዳውን ቀስቅሶ ያሠራል። አንዱ ፒ.አር.ፒ የሚባለው ነው። ከክንድ ደም ይቀዳል፣ ማሽን ውስጥ ይሽከረከራል፣ ፕሌትሌት የበዛበት ቢጫ ፈሳሽ ተለይቶ ፊት ላይ ይወጋል፤ ወይም ፊት በጥቃቅን መርፌዎች ከተበሳሳ በኋላ ይቀባል። ሌላው ደቡብ ኮሪያዎች ያስለመዱት ፖሊኑክሊዮታይድ ነው፤ የሚዘጋጀው ከሳልመን ዓሣ የወንዴ ዘር ነው። (እማዬ ይሄን ስትሰማ "በዐቢይ ጾም?" አለች። ያስገድፋል አያስገድፍም የሚለው ክርክር ሙሉ ማታ ፈጀ።) የሁሉም ዓላማ ቆዳው አዲስ ኮላጅን እንዲሠራ ማነሳሳት ነው። ኮላጅን ደግሞ ለሠርግ አይቸኩልም። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ልዩነት መመላለስ አለ፤ ውጤቱም ወራት ይፈልጋል።

ስለዚህ በወረቀት ደረጃ ሚዜዎቹ ትክክል ናቸው። ውኃ ስርጉድ አይደፍንም፤ ለጠባሳ እድሳት፣ ለድርቆሽ እርጥበት ነው። እኔን ያስጨነቀኝ የደሙ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ፈቃድ የሌለው አንድ የውበት ቤት ይህንኑ "ቫምፓየር ፌሻል" የሚሉትን ሲሠራ ተዘጋ። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ ሦስት ደንበኞች ኤች አይ ቪ የተያዙት እዚያ ሳይሆን እንዳልቀረ ገልጿል። እናም ልጅቷን "ደሙ የሚገባበት ቱቦ ላይ ስሟ ይጻፋል?" ብዬ ጠየቅኳት። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ቀብድ ሳንከፍል ወጣን።

መጀመሪያ አለርት እንሂድ ብዬ ነበር። "ሙሽራዋ ዘነበወርቅ ታየች ይባልልኝ?" ብላ ጮኸችብኝ። ስንት የቆዳ ሐኪም ያፈራ ሆስፒታል፣ ሥጋ ደዌን ስላከመ ብቻ እስከ ዛሬ ስሙ ይፈራል! ብቻ ለምነን ለምነን የግል ክሊኒክ ያለቻቸው አንዲት ጠና ያሉ የቆዳ ሐኪም ጋ ገባን።

ሐኪሟ ጉንጯን አላዩም። "እስኪ ፀጉርሽን ወደ ላይ ያዢልኝ የኔ ልጅ" አሏት። ግራ ጆሮዋ ላይ፣ ሁለተኛ ጉትቻ የተበሳችበት ቦታ፣ ባቄላ የምታህል ጠንካራ እብጠት አለች። ስንት ዓመት አብረን ስንኖር "ያቺ ነገርሽ" እያልን አልፈናታል። ስሟ ለካ ኬሎይድ ነው፤ ቁስሉ ከዳነ በኋላም ከቁስሉ አልፎ የሚያድግ ጠባሳ። እንደኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ይበዛል።

"የሷ ቆዳ መታደስ አያቅተውም" አሉን። "የሚያቅተው ማቆም ነው። ይሄን ፊት በመርፌ በሳስተሽ 'ተነስ፣ ሥራ' ብትዪው የት ላይ እንደሚያቆም እኔ አላውቅም፤ እነሱም አያውቁም።" ኬሎይዱ ባይመጣ እንኳ የመርፌው ቦታ ጠቁሮ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ሠርጉ ደግሞ በአምስት ሳምንት። የፀሐይ መከላከያ አዘዙላት፤ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ለምንኖር ሰዎች ይሄ ቅንጦት አይደለም አሉ። ሌሊት የሚቀባ ሬቲኖይድም አንስተው ነበር፤ ቶሎ ልጅ እንደሚፈልጉ ስትነግራቸው መልሰው ተዉት።

የኔንም ጠየቅኩ። "መርፌው አይጎዳሽም። ግን መጀመሪያ አንድ ወር ፊትሽ እርጥብ እያለ ቫዝሊን ተቀቢና እንነጋገራለን።" የፓርቲ መሪነቴ እዚያው አከተመ።

ሚዜዎቹ አኩርፈዋል። አክስታችን በየቀኑ እየደወለች "ተሠራች?" ትላለች፤ ስለ ባቄላዋ የሚነግራት ሰው ጠፍቷል። እህቴም ዝም ብላለች። ትናንት ማታ መስታወት ፊት ቆማ አገኘኋት። እጇ ጉንጯ ላይ አልነበረም።

"እታለም" አለችኝ፣ ጆሮዋን ይዛ፤ "ፀጉሬን ወደ ላይ ነው የምንሠራሽ ያሉኝን ልቀይረው እንዴ?"