ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት

1999 ሊገባደድ ሲል አዲስ አበባ ወሬዋ ሁሉ ሚሌኒየም ነበር። ከውጭ የሚመጣ እንግዳ የማይጠብቅ ቤት ያለ አይመስልም። እኛም ቤት የአክስቴ ልጅ ከዋሽንግተን ትመጣለች ተብሎ ግድግዳው ቀለም ተቀብቶ፣ መጋረጃው ተቀይሮ ነበር። እኔ ግን፣ ምን እደብቅሃለሁ፣ ከእሷ ይልቅ ሐሳቤ ሻንጣዋ ላይ ነበር። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ከዚያ ውስጥ ኪሎ ተኩሉን ለእኔ ልቀቂልኝ ብዬ በምን አፌ ልለምናት?

የምፈልገው የካሜራ ስታንድ ነው። ለገና ላሊበላ ልሄድ ቆርጫለሁ። አብያተ ክርስቲያናቱ ውስጥ ደግሞ ፍላሽ ክልክል ነው፤ ያለው ብርሃን የጧፍ ብርሃን ነው። ኒኮን ዲ80 ካሜራዬ ለቀን ብርሃን ግሩም ነበር፤ አይኤስኦውን ከ800 ስታሳልፈው ግን ጥላው ሁሉ ነጠብጣብ ይወረዋል። በእጅ ይዤ ላንሳ ብትል ደግሞ ከሰከንድ 1/60ኛ በታች ስትወርድ እጅህን ማመን አትችልም። ያለ ስታንድ መሄድ ማለት ዓይቶ መመለስ ማለት ነበር።

ከስታንድ ጋር የተዋወቅሁት ልጅ ሳለሁ ፒያሳ፣ ጋሼ ፎቶ ቤት ውስጥ ነው። ደርግ አንድ ሐሙስ ሲቀረው መሆኑ ነው። ወለል እንድጠርግ፣ ውሃ እንድቀዳ ተብዬ ነበር የገባሁት። በሩን ስትከፍተው የሚቀበልህ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ፦ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚለው የፊልም ማጠቢያ መድኃኒት፣ ያልደረቀ ወረቀት፣ የጋሼ ኒያላ ሲጋራ። ያኔ ደንበኞቻችን ወደ ግንባር የሚሄዱ ልጆችና እናቶቻቸው ነበሩ። እናትየዋ የልጇን ኮሌታ ታስተካክላለች፣ ምራቋን በጣቷ ነካ አድርጋ ግንባሩን ትጠርጋለች፣ ጋሼ ጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ገብተው «አትተንፍስ» ይላሉ። ብዙውን ጊዜ ፎቶውን ሊወስዱ የሚመጡት እናቶቹ ብቻቸውን ነበሩ።

ስታንዱ የእንጨት ነው፤ መጋጠሚያው ናስ፣ ቁመቱ ከእኔ የሚበልጥ። ከጣሊያን ጊዜ የተረፈ ነው ይሉ ነበር ጋሼ። ሠርግ ሲኖር ተሸካሚው እኔ ነኝ። ከፒያሳ ጉለሌ፣ ከፒያሳ ቀበና፣ ትከሻዬ እየተላጠ። «አንተ ልጅ ቀስ! እሱ ካንተ በፊት የነበረ ነው» የሚለው ድምፃቸው ከኋላዬ ይከተለኛል። ሠርግ ቤቱ ደርሰን ስታንዱ ሲቆም፣ ካሜራውን ከማሰራቸው በፊት ሁልጊዜ አንድ ነገር ያደርጋሉ። መዳፋቸውን አናቱ ላይ ያሳርፉና በሰውነታቸው ክብደት ይጫኑታል፤ ከዚያ ግራና ቀኝ ጠምዘዝ ያደርጉታል። ከተነቃነቀ ይሳደባሉ። የሚሰደበው ስታንዱ አይደለም።

እና ያን የሚሌኒየም ክረምት የጋሼን መዳፍ ተውሼ ፒያሳን ከላይ እስከ ታች ዞርኩ። ሱቆቹ የሚሸጡት አንድ ዓይነት ነው። እግሩ ቀጭን፣ ቀለሙ ብርማ፣ አናቱ ፕላስቲክ፣ ረጅም እጀታና የውሃ ልክ ያለው። ዓይን ይስባል። «ኦሪጅናል ነው ወንድሜ፣ ሁለት ሜትር ሊደርስ ምንም አይቀረው» አለኝ አንዱ ባለሱቅ፣ መሀሉን ዘንግ ወደ ላይ እየመዘዘ። ተጫንኩት፤ እግሮቹ ሸብረክ አሉ። ካሜራዬን አስሬ ለቁም ፎቶ ወደ ጎን ሳጋድመው አንገቱን ቀስ እያለ ደፋ። ባለሱቁም እኔም ዝም ብለን አየነው።

ቁመት ብዙ ሰው ያታልላል። በመሀል ዘንግ የተገኘ ቁመት ሦስት እግር አንድ ቀጭን ምሰሶ ተሸክሞ የሚገኝ ቁመት ነው፤ ነፋስ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወዛወዘው እሱ ነው። ስለዚህ ቁመቱን ተውኩት። ጎንበስ ብዬ ማንሳት ልማዴ ነው፤ ወገቤም ያኔ ወገብ ነበር።

ጓደኛዬ ያዋሰኝን የውጭ ካታሎግ ገጹ እስኪላላ አገላበጥኩት። ፈረንሳይ የተመሠረተው ጊትዞ ከካርቦን የተሠራ፣ ቀላል፣ ንዝረቱም ቶሎ የሚበርድለት፤ ዋጋውን ስታይ ግን ገጹን ትገለብጣለህ። የጣሊያኑ ማንፍሮቶ አስተማማኝ ነው፤ ያየሁት ግን ከነአናቱ ሲመዘን የጋሼን እንጨት አስታወሰኝ። ያኔ አንድ ዶላር 9 ብር ገደማ ነበር፤ ከ100 ዶላር በላይ ማሰብ አልችልም። በካርቦንና በአሉሚኒየም መካከል የሚተርፍልህ ጥቂት መቶ ግራም ነው፤ ጥቂት መቶ ግራም ደግሞ ሁለት ብርቱካን ሳትይዝ ብትሄድ ይካካሳል። አሉሚኒየም ይሁን አልኩ። ያልተውኩት ሁለት ነገር ነው፦ አናቱ የብረት ኳስ ያለው፣ በአንድ ጠመዝማዛ የሚጠብቅ መሆን አለበት፤ ከሥሩ ደግሞ ቦርሳ የሚንጠለጠልበት መንጠቆ። ቀላል ስታንድ ክብደቱን ከቦርሳህ መበደር አለበት። እግሩም ባለአራት እጥፍ ይሁን፣ አጥሮ እንዲታጠፍ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አንድ የጃፓን ስሊክ ላይ ደረስኩ።

ስልኩ ሲመጣ እማዬ ጓዳ ነበረች፤ ሽንኩርት ሲቁላላ ይሸታል።

«ስንት ኪሎ ነው?» አለችኝ የአክስቴ ልጅ።

«ኪሎ ከምናምን።»

«ምናምኑን ንገረኛ!»

ነገርኳት። ሲታጠፍ ርዝመቱ ስንት ነው አለች፤ ሴንቲሜትሩን ነገርኳት። «በስንዝር ንገረኝ፣ ሻንጣው እፊቴ ነው።» ለካሁ። ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት። በመስመሩ ውስጥ መዳፏ ሻንጣውን ሲዳብስ ተሰማኝ። «በሰያፍ ይገባል» አለች፣ «ግን ለአክስቴ የገዛሁላት ጫማ ይቀራል።» ምን እንደምመልስ ጠፋኝ። እማዬ ለካስ ጆሮዋን ጥላ ኖሮ ከጓዳ ጮኸች፦ «ጫማው ይቅር! ልጁ የለመነውን አምጪለት!»

መጣ። ሻንጣው ሲከፈት የአሜሪካ ሳሙና ሽታ ቤቱን ሞላው፤ ስታንዱ በፎጣ ተጠቅልሎ በሰያፍ ተኝቷል። እማዬ አንስታ መዘነችውና «ለዚህ ነው?» አለች።

2000 የዮሐንስ ዘመን ስለነበር ገና የዋለው በታኅሣሥ 28 ነው። በደሴ አድርገን ወልዲያ፣ ከዚያ ጋሸና፣ ከጋሸና በኋላ 64 ኪሎ ሜትር ጠጠር መንገድ። አንዱ ኬላ ላይ ፈታሹ የስታንዱን ጥቁር ከረጢት በርቀት ነካ አድርጎ «ምንድን ነው?» አለኝ። ዘርግቼ አቆምኩለት። አውቶቡሱ ሙሉ ሰው ወርዶ አየው፤ አንዲት እናት ሲኒ ማስቀመጫ ነው ብለው ለጎረቤታቸው አስረዱ።

የዋዜማው ሌሊት በቤተ ማርያም ግቢ ውስጥ እግር መዘርጊያ የለም። ነጭ ጋቢ በነጭ ጋቢ ላይ፣ ዕጣን፣ የጧፍ ሰም፣ ከሩቅ በእግሩ የመጣ ሰው ላብ። አንድ ዲያቆን አስፈቅጄ ጥግ ያዝኩ። የመጨረሻውን ቀጭን እጥፍ ሳልመዝ፣ ወፍራሞቹን ብቻ ዘርግቼ፣ ቦርሳዬን መንጠቆው ላይ ሰቅዬ፣ ሁለት ሰከንድ ከፈትኩ። በእጄ እንዳልነካው ሰዓት ቆጣሪውን ተጠቀምኩ። በስክሪኑ ላይ የወጣውን ሳይ ደነገጥኩ። የሚወዛወዘው ሕዝብ ሁሉ ጭጋግ ሆኗል፤ ጧፎቹ ክር ሠርተዋል፤ በመካከሉ ግን ቀይዋን ዐለት ተደግፈው የሚጸልዩ አንዲት አሮጊት አሉ፣ የጋቢያቸው ጥለት ሳይቀር አንድ በአንድ ይቆጠራል። ሁለት ሰከንድ ሙሉ አልተነቃነቁም። ጋሼ «አትተንፍስ» ብለዋቸው ቢሆን እንኳ እንደዚያ አይቆሙም ነበር።

ሲነጋ ካህናቱ ማሜ ጋራ ላይ ወጥተው ቤዛ ኩሉ ሲያሸበሽቡ ግፊያው ባሰ። ሦስቱን እግሮች ሰብስቤ እንደ አንድ አደረግኋቸውና ተመረኮዝኩበት። አጠገቤ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ልጄ፣ መቋሚያ የብረት ሆነ?» አሉ። ሳቅን፤ የእሳቸውን መቋሚያ ትንሽ ፈቀቅ አድርገው ቦታ ሰጡኝ።

አዲስ አበባ እንደተመለስኩ ፒያሳ ጎራ አልኩ። ጥር ገብቷል። ጋሼ ፎቶዎቹን በኮምፒውተር ሊያዩ አልወደዱም፤ «መጀመሪያ ዕቃውን አምጣ» አሉ። ዘረጉት። መዳፋቸውን አናቱ ላይ አሳርፈው ተጫኑ፣ ጠመዘዙ። ነቅነቅ አለ። «መሀሉን ዘንግ አውርደው!» አሉ፤ አወረድኩት። እንደገና ተጫኑ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስንት ገባ?»

ነገርኳቸው።

«ጫማውን ሳይጨምር?» እማዬ ነግራቸዋለች ማለት ነው።

«ሳይጨምር።»

«ቅዳሜ ጉለሌ ሠርግ አለኝ፤ ይዘኸው ትመጣለህ።»

«ጋሼ፣ ቀላል ነው እኮ፤ ይኸው ይውሰዱት፣ በአንድ እጅ ይያዛል» አልኩ።

«እኔ ልሸከም?» አሉ ጋሼ።