የዶክተር ወልደመስቀል ቁጣ

ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ በግንቦት 2008 ዓ.ም. ሲያርፉ አንዳንዱ አባት አጣን ብሎ አለቀሰ፤ ሌላው ደግሞ የቁጣቸውን ነገር አነሣ። ተወዳጆች ሆይ፣ ሁለቱም ስለ አንድ ሰው ነው የተናገሩት።

በ1984 ዓ.ም. ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎና 10,000 ሜትር ስታሸንፍ እኛ ወጣቶች ነበርን። ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ናት። ከአራት ዓመት በኋላ ፋጡማ ሮባ በአትላንታ ማራቶኑን ወሰደች። በመስከረም 1993 ዓ.ም. ደራርቱ፣ ያውም ልጅ ወልዳ ተመልሳ፣ በሲድኒ ድሉን ደገመችው። በእነዚያ ዓመታት የብሔራዊ ቡድኑን ሯጮች የመሩት እኚህ በሃንጋሪ የተማሩ አሠልጣኝ ነበሩ።

ልምምድ ላይ ቀልድ አያውቁም ነበር፤ እሳቸው ያሉት ካልሆነ አይሆንም። ኋላ አትሌቶች የግል አሠልጣኝና ማናጀር መያዝ ሲጀምሩ ይህ የአንድ ሰው ትእዛዝ ብዙ አከራከረ።

በቅርቡ እዚህ ደጀን ስለ ተግሣጽ ስንነጋገር አንድ የጉባኤያችን ሽማግሌ፣ «ወርቁን ያመጣው ቁጣው ነው» አሉ። በዚህ አንስማማም። ከደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ጭነት የሚያወርድ ሹፌር መኪናውን በከባድ ማርሽ ይይዘዋል እንጂ አይደበድበውም። እኛ እንደምናምነው ወርቁን ያመጣው ማልዶ ሜዳ ላይ መገኘት፣ ሰዓት መያዝ፣ የማን እግር እንደደከመ ማወቅ ነው። ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ሯጭ ሲጽፍ የሚያስገዛው የራሱን ሥጋ ነው፤ የሌላውን አይደለም። ለቆላስይስ አባቶች ደግሞ ልጆቻቸውን እንዳያበሳጩ ነግሯቸዋል።

ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ወላጆች ሴት ልጆቻቸውን ለመምህር፣ ለአሠልጣኝ፣ ለእኛም ለአገልጋዮች አደራ ይሰጣሉ። ልጅቱ ካሸነፈች እንዴት እንዳሸነፈች የሚጠይቅ የለም።

ጠዋት ጠዋት የምትሮጥ አንዲት እህት ዝም ብላ ስትሰማ ቆይታ፣ «ፓስተር፣ ቁጣው ከብዷቸው ያቋረጡ ካሉስ? እነሱን ማን ያውቃቸዋል?» አለች። ሽማግሌውም እኛም መልስ አልነበረንም።

ይህች ልጅ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አስፋልት ዳር ብቻዋን ነው የምትሮጠው። ሰዓት የሚይዝላት ሰው እየፈለግንላት ነው።