ባሮ ስንት ይሮጣል?

«ሰመር» የሚለውን ቃል መዝገበ ቃላቱ «በጋ» ይለዋል። እኛ የጋምቤላ ልጆች ግን በሐምሌና በነሐሴ የምናውቀው ባሮ ደፍርሶ፣ ሞልቶ፣ ድልድዩ ሥር ሲያጓራ ነው። ስለዚህ የፈረንጆቹን «የሰመር ምርምር ፕሮግራም» እርስ በርሳችን ስንጠራው «የክረምቱ ነገር» እንለዋለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አራት ነን፤ አራታችንም የፊዚክስ ተማሪዎች። «ምደባ ጥሏችሁ እንጂ ማን ፊዚክስ ይመርጣል?» የሚሉን አሉ (ስለ ሦስታችን እውነታቸውን ነው)። ባለፈው ኅዳር አንዳችን ወሬ ይዞ መጣ። ገና ዲግሪ ያልያዘ ተማሪ ክረምቱን ውጭ አገር ከተመራማሪዎች ጋር ይሠራል፣ አበልም ይቆረጥለታል። «ሌቦች ናቸው፤ የባንክ ቁጥር እንዳትሰጡ!» አለ ሌላው።

ሌቦች አልነበሩም። ጄኔቫ ያለው ሴርን ቢያንስ ሦስት ዓመት የተማሩ ተማሪዎችን በየዓመቱ ይቀበላል፤ አባል ካልሆኑ አገሮችም ጭምር። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የአፍሪካ ፊዚክስ ትምህርት ቤት የሚባል አለ፤ ከአገር አገር እየተዘዋወረ ተማሪዎችን ለሳምንታት ያሰባስባል። አሜሪካኖቹም ብዙ አላቸው። የአሜሪካኖቹን ማስታወቂያ ኔትወርኩ እየመጣ እየሄደ፣ ሁለት ማታ ፈጅተን አነበብነው። መጨረሻው ላይ አንዲት መስመር አለች፦ በመንግሥታቸው ገንዘብ የሚካፈለው የአሜሪካ ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ማስታወቂያ ከታች ወደ ላይ ማንበብ ጀምረናል። እናንተም ልመዱት።

ቅጹን መሙላት ራሱን የቻለ ፈተና ነው። «የቤተሰብ ስም» ይላል። ከመካከላችን አኝዋክ አለ፣ ኑዌር አለ፣ ደገኛ አለ፤ ሁላችንም በአባታችን ስም ነው የምንጠራው። አንዱ የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ሞላ። «12:00 ላይ ይዘጋል» ሲል ደግሞ «ገና አስራ ሁለት ሰዓት አልሆነም» ብለን ቡና ልንጠጣ ነበር። የእነሱ እኩለ ቀን የእኛ ከቀኑ 8 ሰዓት መሆኑን አንዳችን በጣቱ ባይቆጥር ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምንጽፈው ስለ ቡና ነበር።

ትልቁ ጣጣ ግን «ለምን ማመልከት ፈለጋችሁ?» የሚለው ድርሰት ነው። ሦስት ገጽ ጽፈን ለመምህራችን ወሰድን። «ከልጅነቴ ጀምሮ የዩኒቨርስ ምስጢር ያስደንቀኝ ነበር» ይላል የአንዱ መግቢያ። የሌሎቻችንም ያው ነው፤ የቀዳነው ከአንድ ቦታ ነዋ! መምህራችን አንብበው ወረቀቱን መለሱልን። «ይህን ማንም ሊጽፈው ይችላል። በዓይናችሁ ያያችሁት፣ በእጃችሁ የለካችሁት ነገር የለም?»

«መምህር፣ ቤተ ሙከራ በሌለበት ምን እንለካለን?» አልናቸው።

መልሳቸው ስለ ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ ነበር። በደርግ ዘመን ታስረው ሳሉ ለእስረኞች ሳይንስ ያስተምሩ የነበሩት፣ ኋላም በ2012 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር የሳካሮቭን ሽልማት የሰጣቸው ሰው ናቸው። «እሳቸው ምን ቤተ ሙከራ ነበራቸው?» አሉን። አፍረን ወጣን።

በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ ገመድ፣ የስልክ ሰዓትና ግማሽ ውኃ የተሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ይዘን ባሮ ዳር ወረድን። 20 ሜትር ለካን። አንዳችን ከላይ ይጥላል፣ አንዳችን ከታች ያያል፣ አንዳችን ሰዓት ይይዛል፣ አንዳችን ይጽፋል። አሥር ጊዜ ደጋገምነው፤ አማካዩ 40 ሴኮንድ። በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ማለት ነው። ከላይ ያለው ውኃ ግን ከታቹ ይፈጥናል፤ ወለሉ በሰበቃ ይጎትተዋልና። ስለዚህ በተለምዶ በ0.85 ይባዛል፤ 0.43 ሜትር ገደማ መጣ። ዓሣ የሚያጠምዱ አንድ አባት ቆመው ሲያዩን ቆዩና «ልጆች፣ ምን ጠፋባችሁ?» አሉ። «የወንዙን ፍጥነት እየለካን ነው አባባ» አልናቸው። ሳቁ። «ይሄ ተኝቷል እኮ! ወንድ ከሆናችሁ ክረምት ኑና ለኩት።»

ድርሰቱን እንደገና ጻፍነው። ዩኒቨርስ ወጣ፤ ባሮ ገባ።

ከዚያ «ዜግነት» የሚለው ቦታ ላይ ደረስን። ከአራታችን አንደኛው በልጅነቱ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ከድንበሩ ማዶ የመጣ ነው፤ ፊደል የቆጠረው መጠለያ ጣቢያ ውስጥ ነው። በውጤት ይበልጠናል፤ የ0.85ቷን ነገር ያመጣትም እሱ ነው። ቅጹ የፓስፖርት ቁጥር ይጠይቃል፤ ካልሞሉት አያሳልፍም። እሱ ፓስፖርት ይዞ አያውቅም። ትንሽ ዝም አለና ላፕቶፑን ወደኛ ገፋው። «እናንተ ቀጥሉ፤ ሁላችን ከሄድን ባሮን ማን ይጠብቀዋል?» አለ። ሳቅን። ሳቃችን ግን ቶሎ አለቀ።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የስደተኞች አዋጅ የጉዞ ሰነድ የማግኘት መብትን ይጠቅሳል። ይህን ያወቅነው ማመልከቻው ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው፤ ወረቀት ደግሞ በሦስት ቀን አይደርስም። እሱ የእኛን የፊደል ስህተት ሲያርም አመሸ። የላክነው ሦስት ማመልከቻ ነው። የሠራነው ግን አራት ሆነን ነው።

በመጋቢት መልስ መጣ። ሦስቱም «እናዝናለን» ይላሉ። እውነቱን ለመናገር አንድ ሳምንት ያህል ስለ ፊዚክስ ያነሳ ሰው አልነበረም።

አሁን ክረምቱ ገብቷል። ያኔ የቆምንበት ዳር ውኃ ውስጥ ነው፤ ከፍ ካለ ቦታ ሆነን እንጥላለን። ባለፈው እሑድ ጠርሙሷ 20 ሜትሯን በ12 ሴኮንድ ጨረሰች። ዓሣ አጥማጁ አባባ እውነታቸውን ነው። ሰዓት የሚይዘው ያው ጓደኛችን ነው፤ የጉዞ ሰነዱንም ጠይቋል፣ እየጠበቀ ነው። ዘንድሮ ማመልከት የምንጀምረው በጥቅምት ነው፤ ከድርሰቱ ሳይሆን ከወረቀቱ። አራት ማመልከቻ እንልካለን።

እናንተም ከተማችሁ ውስጥ የሚለካ ነገር አታጡም። ቸር ያሰንብተን።