በመጽሐፉ ውስጥ የሌለው ልጅ

ዛሬ ስለ አንዲት የአሜሪካ ባላገር ሴት ላወጋችሁ ነው። ከእኛ ጋር ምን አገናኛት እንዳትሉኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ከቤቴ ይገባል።

ሴትዮዋ ካሮላይን ኢንግልስ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1839 ዊስኮንሲን ውስጥ ተወለደች። ስድስት ዓመት ሳይሞላት አባቷ ሚሺጋን ሐይቅ ውስጥ ሰምጦ ሞተ። አድጋ አስተማሪ ሆነች፤ በ1860 ቻርልስ የሚባል ሰው አገባች። ቻርልስ ብርቱ ሠራተኛና ቫዮሊን ተጫዋች ነበር፤ ግን አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንለትም። ከዊስኮንሲን ወደ ካንሳስ፣ ተመልሶ ዊስኮንሲን፣ ከዚያ ሚኒሶታ፣ አዮዋ፣ እንደገና ሚኒሶታ፣ በመጨረሻ በ1879 ወደ ዳኮታ ቤተሰቡን ይዞ ዞረ። በዚያው ዓመት የመጀመሪያ ልጃቸው ሜሪ ታማ ዓይኗ ጠፋ።

ይህን ሁሉ ለዓለም ያወራችው ሁለተኛዋ ልጅ ላውራ ናት። የመጀመሪያ መጽሐፏን በ1932፣ በ65 ዓመቷ አሳተመች። እኔም ታሪኩን ያወቅሁት የልጅ ልጄ መጽሐፎቹን ከእጇ አላወርድ ብላ ነው። የምንኖረው ሚኒሶታ ስለሆነ፣ ባለፈው ክረምት እሷንና ባለቤቴን ይዤ ቤተሰቡ የኖረበትን ዎልነት ግሮቭን ላሳያቸው ሄድኩ። የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ወንዙ ዳር አፈር ምሰው የኖሩበት ቤት ዛሬ ተንዶ ጎድጓዳ ቦታ ብቻ ቀርቷል። ባለቤቴ ቆማ አየችና «እዚህ ውስጥ ልጅ አሳደገች?» አለች። በዚያው አካባቢ ስንዴያቸውን አንበጣ ፈጀው፤ ባልየው አጨዳ ፍለጋ ወደ ምሥራቅ በእግሩ ሲሄድ ካሮላይን ከልጆቿ ጋር ቀረች።

እነ ካሮላይን እንደ እኛ ስደተኞች እንዳልነበሩ አልዘነጋሁም። ካንሳስ ውስጥ የሠፈሩት የኦሴጅ ሕዝብ መሬት ላይ ነበር። የእናት ሐዘን ግን ሌላ ነገር ነው።

በ1875 ኅዳር ላይ ፍሬዲ የሚባል ወንድ ልጅ ተወለደላቸው። በተከታዩ ዓመት ወደ አዮዋ ሲጓዙ ሚኒሶታ ውስጥ ዘመድ ዘንድ አረፉ፤ ሕፃኑ እዚያው በዘጠኝ ወሩ ሞተ። ቀበሩትና ጉዟቸውን ቀጠሉ። ላውራ በሕይወት ታሪኳ ውስጥ ስለ ፍሬዲ ጽፋለች፤ ያ ጽሑፍ ግን የታተመው በ2014 ነው። ዓለም በሚያውቃቸው በነዚያ የልጆች መጽሐፎች ውስጥ ፍሬዲም የለ፣ የአዮዋው ዓመትም የለ።

ይህን በመኪና ስንመለስ ለልጅ ልጄ ነገርኳት። «አባባ፣ ወንድሟን ለምን ደበቀችው?» አለችኝ። «የልጆች መጽሐፍ ስለሆነ ይሆናል» ብዬ አለፍኩት። ባለቤቴ እስከ ቤት ድረስ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም።

እኔና ባለቤቴ በ1977 ዓ.ም. በእግራችን ሱዳን ስንገባ የስምንት ወር ልጅ ይዘን ነበር። ገዳሪፍ አካባቢ በኩፍኝ ሞተ። ቀበርነው፤ ምልክት እንዲሆን ድንጋይ አስቀመጥን፤ ሄድን። እዚህ አገር ከገባን ጀምሮ ስለ መንገዱ ሲጠይቁኝ ስለ ጥሙ፣ ስለ ሌሊቱ ጉዞ፣ ስለ መንገድ መሪያችን ቀልድ ሳይቀር አወራለሁ። ስለ ልጁ አንድም ቀን አውርቼ አላውቅም። እዚህ የተወለደችው ልጃችንም አታውቅም ነበር። ባለቤቴን ቁስሏን ላለመነካካት ነው እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። የፈራሁት ግን እኔ ነበርኩ።

ያን ዕለት ማታ ባለቤቴ ቡናዋን እንደያዘች እንዲህ አለችኝ፦ «ያቺን ሴት ሰው ሁሉ የአራት ልጆች እናት ይላታል። እሷ ግን አምስት ነበር የምትቆጥረው። አንተ መንገዱን ታወራለህ፤ እኔ መንገድ ላይ ትቼው የመጣሁትን ነው የማስበው።»

መልስ አልነበረኝም።

ካሮላይን በ1924 ዳኮታ ውስጥ አረፈች፤ የመጀመሪያው መጽሐፍ ሊወጣ ገና ስምንት ዓመት ይቀረው ነበር። ምን እንደተጻፈ፣ ምን እንደቀረ አላየችም፤ ልጄን የት አደረሳችሁት ብላም መጠየቅ አልቻለችም። የእኔዋ ግን በሕይወት አለች።

እሑድ ልጃችንን ከነቤተሰቧ ጠራናት። የተናገረችው ባለቤቴ ናት፤ እኔ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። ልጃችን ብዙ አለቀሰች፤ ቀና ስትል መጀመሪያ የጠየቀችው «ስሙ ማን ነበር?» ብላ ነው። እናቷ ጠራችው። ከአርባ ዓመት ወዲህ ያንን ስም በቤታችን ውስጥ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። የእናቱ ነው። እናንተም የስደታችሁን መንገድ ለልጆቻችሁ ስታወሩ፣ የዘለላችሁት ሰው ካለ መለስ ብላችሁ እዩ።