የውሰት መስኮት

በአንድ ድረ ገጽ መካከል ተቀምጦ የሚታይ ቪዲዮ ከጽሑፉና ከፎቶግራፉ ጋር አብሮ የተሰፋ ይመስላል። ስለ በገና አደራደር የተጻፈውን ያነበበ ሰው በምስሉ ላይ ያለችውን ትንሽ ሦስት ማዕዘን ሲነካ፣ ደርዳሪው እዚያው ከአንቀጹ ሥር አውታሮቹን መደርደር ይጀምራል። ዳሩ ግን ቪዲዮው በገጹ ውስጥ የለም። በገጹ ውስጥ ያለው፣ «በዚህ ቦታ የእገሌን ቤት መስኮት ክፈት» እንደ ማለት የሆነ አጭር ትእዛዝ ብቻ ነው። ቪዲዮው የሚገኘው በሌላ ኮምፒዩተር፣ ምናልባትም በሌላ ክፍለ ዓለም ነው።

ይህ ውሰት በሰፊው የተለመደው ዩቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2005 ከተቋቋመ ወዲህ ነው። ድርጅቱ ቪዲዮውን ያየ ሁሉ ትእዛዙን ገልብጦ በራሱ ገጽ ላይ እንዲያኖር ፈቀደ። ውለታው ቀላል አይደለም። በሴኮንድ 1 ሜጋ ቢት የሚፈስ የአንድ ሰዓት ፊልም 450 ሜጋ ባይት ይሆናል፤ መቶ ሰው ቢያየው 45 ጊጋ ባይት ነው። ይህን ሸክም የሚሸከመው አዋሹ እንጂ ተዋሹ አይደለም።

ይሁንና ባለቤቱ ቪዲዮውን ቢሰርዝ፣ በሌሎች ገጾች ላይ እንዳይታይ ቢከለክል ወይም የቅጂ መብት ክርክር ቢነሣበት መስኮቱ ይዘጋል። ገጹን ላዘጋጀው ሰው ይህን የሚነግረው የለም። ለትምህርቱ እንዲህ ያለ ገጽ ያሰናዳ የሙዚቃ መምህር ነገሩን የሚያውቀው ምናልባት በተማሪዎቹ ፊት ቆሞ ነው። «የደርዳሪውን የግራ እጅ ጣቶች ልብ በሉ» የሚለው ዐረፍተ ነገር እንደ ተጻፈ አለ፤ ከሥሩ ግን ባዶ ጥቁር አራት ማዕዘን። መምህሩ በአፉ ሊያስረዳ ይሞክር ይሆናል፤ ግን የጣትን አነካክ በቃል ማስረዳት እንዴት ይቻላል?

የመስኮቱ አሠራር ራሱም ያረጃል። ለብዙ ዓመታት ቪዲዮ በገጽ ላይ ይታይ የነበረው በአመዛኙ ፍላሽ በተባለው ፕሮግራም ነበር። አዶቤ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ለፍላሽ ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ አቋረጠ፤ በ2021 መጀመሪያም ማጫወቻው ሥራውን እንዲያቆም አደረገ። ኤችቲኤምኤል 5 የተባለው የገጽ አጻጻፍ ደንብ ለቪዲዮ የራሱ ምልክት ስላለው ተጨማሪ ፕሮግራም አያሻውም። ወደዚህ ደንብ ሳይዛወሩ የቀሩ ገጾች ግን ጽሑፋቸው እያለ ምስላቸው ጠፋ።

ረጅሙን ፊልም መዋስ ያስኬዳል። የሁለት ደቂቃ የበገና ድርደራ ግን በዚያው ስሌት 15 ሜጋ ባይት ብቻ ነው፤ ደርዳሪው ከፈቀደ፣ መምህሩ ፋይሉን በገጹ ቤት ውስጥ ሊያኖረው ይችላል። ጠንቃቃ አዘጋጆች ደግሞ ከመስኮቱ ሥር የደርዳሪውን ስም፣ የዜማውን መጠሪያ፣ የተቀረጸበትን ቦታና ዓመት ይጽፋሉ። መስኮቱ የተዘጋበት አንባቢ በዚያች መስመር ይዞ ሌላ ቅጂ ይፈልጋል።